በደመላሽ ስም የተዋጠ ኪኒን

ውድ ወንድሜ መሪጌታ የሺዋስ፣

መሪጌታ ብዬ የጀመርሁት ደብዳቤውን የሚያደርስልህ ሰው ፖስታውን ሲያይ እንዲያከብርህ ነው እንጂ፣ ለእኔማ ያው ንፍጡን የጠረግሁለት የሺዋስ ነህ። እዚያ ጸበሉ ቦታ ስልክ መያዝ አይፈቀድም አሉኝ። ደግ አድርገዋል። አንተ ነገር ሲከርርብህ «ኔትወርክ እንቢ አለኝ» ብለህ መዝጋት ትወዳለህ፤ ደብዳቤ ግን መሐል ላይ አይዘጋም። ታዲዮስ ድንች ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሲያልፍ፣ ደጀን ላይ ወደ ጸበሉ ለሚወርድ ሰው አደራ እሰጠዋለሁ ብሎኛል። ሳትጨርሰው የቀደድኸው እንደሆነ እኔው ራሴ ገደሉን ወርጄ እመጣለሁ። ጉልበቴን ታውቀዋለህ፤ እያንዳንዱን ድንጋይ የምረግጠው አንተን እየረገምሁ ነው የሚሆነው።

የምጽፍልህ ስለ እግርህና ስለዚያ ኪኒን ነው። ስለ ወንድማችን ስለ ደመላሽም ነው፤ እሱን ሳላነሣ ሁለቱን መጻፍ አልቻልሁም።

ዳግማይ ትንሣኤ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ወፍጮ ቤቴ ገብስ እየፈጨሁ ሳለ ስልኬ ጠራ። የሞተሩ ጩኸት አላሰማኝ ቢል ወደ ደጅ ወጣሁ። ድምፅዋን የማላውቀው ልጅ ነች።

«ሄሎ? የአቶ ደመላሽ አካለ ወልድ ስልክ ነው?»

እጄ ላይ የነበረው ዱቄት ከወፍጮው የወጣ ትኩስ ነበር። ሲቀዘቅዝ ታወቀኝ።

«ማን ልበል?» አልሁ።

«ከደብረ ማርቆስ ነው፣ ከክሊኒኩ። አቶ ደመላሽ የክትትል ቀናቸው አለፈ። መድኃኒታቸውም እስካሁን ማለቅ አለበት። ደኅና ናቸው?»

ወንድማችንን ከቀበርነው ሦስት ዓመት ሆኖታል። ሙት ዓመቱን አውጥተናል፣ ሚስቱም ጥቁሯን አውልቃለች። ልጅቷ ግን ደኅና ናቸው ወይ ትለኛለች።

«እኅቴ፣ እሱኮ ሞቷል» አልኋት።

«ውይ! ነፍስ ይማር። መቼ ነው ያረፉት?»

«ሦስት ዓመት ሆነው።»

ወረቀት ስታገላብጥ ተሰማኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እትዬ፣ ጥር ላይ መጥተው ነበርኮ። ደማቸውን የቀዳሁት እኔ ነኝ። ረዘም ያሉ፣ ጥምጣም ያደረጉ፣ ቡናማ ካፖርት የለበሱ ናቸው» አለችኝ።

ቡናማው ካፖርት የደመላሽ ነው። የሺዋስ፣ ምን ልደብቅህ፣ ለአንድ አፍታ ተነሥቶ ነው አልሁ። ወደ መንገዱ ዞር ብዬ አየሁ፤ ይመጣ ይሆን ብዬ። ልጅቷ ቀጠለችና፣ «መርፌውን ሳስገባ ዐይናቸውን ጨፍነው ዳዊት ይደግሙ ነበር» አለች። ያን ጊዜ አወቅሁህ። ደም ባየ ቁጥር ዳዊት የሚደግም ከቤታችን አንድ ሰው ብቻ ነው።

ይህንን ቤት አንተም እኔም እናውቀዋለን፤ ግን እስቲ ተጽፎ ልየው። አያታችን ከቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ላይ ወደቀ። አባታችን አካለ ወልድ ገብስ ሲያበራይ መንሹን እንደጨበጠ ወደቀ፤ ጣቶቹን ከመንሹ ላይ ያላቀቁት በግድ ነው። ደመላሽ ከሮብ ገበያ ሲመለስ በበቅሎው ላይ ሞተ። ልጓሙ ክንዱ ላይ ተጠምጥሞ ነበር፣ በቅሎይቱም መንገዷን ታውቃለችና ከነሬሳው ደጁ አደረሰችው። ሚስቱ «ውረድ እንጂ፣ ምን ያስቀምጥሃል?» ብላዋለች። ሦስቱም አርባ አምስትን አላዩም። አገሩ ምን እንደሚል ታውቃለህ፦ «የነዚያ ቤት ወንድ አልጋ ላይ አይሞትም።»

ምልክቱንም አገሩ ያውቀዋል። የዐይን ቆብ ላይ፣ ወደ አፍንጫ በኩል፣ ቢጫ ነገር ጉች ጉች ይላል። ቅቤ ቀብተው የረሱት ይመስላል። «ቅቤው ወጣበት» ይሉና ከዚያ ወዲያ ያንን ሰው የክርስትና አባት ሁንልኝ ብሎ የሚጠይቀው አይገኝም። ደመላሽ በሁለቱም ዐይኑ ነበረበት፤ ተረከዙም ከበላዩ ጓጉሎ ጫማ አላስገባ ብሎት ነበር። ከመሞቱ በፊት ሁለት ዓመት ያህል ማንም ሰው በሠርጉ ሚዜ አላደረገውም። በሕይወት ሳለ ተቀብሮ ነበር ማለት ነው።

ያንተን ያየሁት ታኅሣሥ ላይ ነው። አውድማው ላይ እብቅ ዐይንህ ገብቶ «እታለም፣ እፍ በይልኝ» ብለህ መጣህ። ቆብህን ገልብጬ እፍ ልል ስል አየሁት። የስንዴ ፍሬ የምታህል ነች። እፍ ማለቱን ትቼ «ቅቤው ወጥቶብሃል» አልሁህ። አንተ ሳቅህ፤ ፊትህ ግን አመድ መሰለ። ከዚያ የተሰዳደብነውን አልጽፈውም፣ ደብዳቤውን ሌላ ሰው ከፍቶት እንደሆነ ያፍራል። ብቻ ለጥምቀት ሳምንት ደብረ ማርቆስ ትሄዳለህ ብዬ አስማልሁህ፣ ሄድህም። ስትመለስ ኪኒን ይዘሃል፤ «በቀን አንድ፣ ማታ ማታ» አልኸኝ። ደስ አለኝ። በማን ስም አወጣኸው ብሎ የሚጠይቅ ሰው አለ? አልጠየቅሁህም።

ካፖርቱንም ለብርዱ የወሰድኸው ነበር የመሰለኝ። ከዚያ ወዲህ አላወለቅኸውም። አንድ ማለዳ ከኋላህ አይቼህ ጮኼ ነበር፤ «ምነው ጋኔን አየሽ?» ብለህ ቀለድህብኝ። የደመላሽ ውሻ እሱ ከሞተ ወዲህ ከሚስቱ ደጅ ፈቅ ብሎ አያውቅም ነበር፤ ጥር ላይ ተነሥቶ አንተ ቤት መጣና በርህ ላይ ተኛ። የካፖርቱ ሽታ ነው አልን። መቼም ሌላ ምን ልንል ነው።

ጾሙ ገባ። ጨጓራህ ነደደ፤ በየዓመቱ ነው የሚነደው። ከደብረ ዘይት በዓል ወዲህ እዚሁ አካባቢ ተመርምረህ ለጨጓራው ባክቴሪያ መድኃኒት ሰጡህ፤ ጠዋትና ማታ የሚዋጥ። ከዚያ በሳምንቱ እግርህ ጀመረህ። መጀመሪያ ጭንህ፣ ቀጥሎ ትከሻህ። «ስግደት ነው» አልህ፣ እኛም ስግደት ነው አልን። በሁዳዴ ጭኑን ያላመመው ማን አለ? እንዲያውም እኔ «ምነው እንደ ዘጠኝ ወር እርጉዝ እየተደገፍህ ትነሣለህ?» ብዬ ስቄብሃለሁ። ማርያማዊት ግን አልሳቀችም። ሚስትህ ናትና አካሄድህን ከእኔ ይልቅ ታውቃለች። ጓዳ ጠርታ «እትዬ ሥራነሽ፣ አረማመዱ የሱ አይደለም» አለችኝ። «የማን ነው ታዲያ?» ብላት ፊቷን አዞረች።

ስቅለት ዕለት በሴቶች በኩል ቆሜ አይሃለሁ። ሰው ሁሉ ወርዶ ይነሣል። አንተ በመቋሚያህ እየተደገፍህ ቆይተህ ትነሣለህ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ወረድህ፣ አልተነሣህም። ሌላው ተነሣ፣ ወረደ፣ ደግሞ ተነሣ። አንተ ግንባርህ መሬት ላይ ነው። ነጠላህ ተገፎ ከሥሩ የካፖርቱ ጀርባ ይታየኛል። አጠገቤ ያለችው ሴት በሹክሹክታ «ደረሰባቸው» አለች። እኛን ማለቷ ነው። እሪ ልል አፌን ስከፍት ሰዎቹ ገልብጠው አቀኑህ፤ ዐይንህ ተከፍቶ ነበር፣ ትተነፍሳለህ። ደግፈው ሊያነሡህ ሲሞክሩ ቀስ ብለህ፣ እንደ ተራ ነገር፣ «ደመላሽ ጭኔ ላይ ተቀምጧል፤ እሱን አስነሡልኝ» አልህ። ከያዙህ ሰዎች አንዱ ለቀቀህ።

በማግሥቱ ቤትህ መጥቼ አጠገብህ ስቀመጥ የነገርኸኝን አልረሳሁትም። በየሌሊቱ ይመጣል አልኸኝ። በእግሩ ሳይሆን እየዘለለ፣ የእግሩ አውራ ጣቶች በተገነዘበት ክር እንደታሰሩ። መጥቶ ጭንህ ላይ ይቀመጥና «ስሜን መልስ። ካልሆነ እግርህን አውሰኝ» ይልሃል። ምን ስም እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ትኩሳት መስሎኝ ግንባርህን ዳበስሁ፤ ቀዝቃዛ ነው። ማርያማዊት ሽንትህን በጣሳ አሳየችኝ። የጌሾ ውሃ ነው የሚመስለው፣ ድፍን ጥቁር። እኔ ሐኪም ቤት አልሁ፣ አንተ ጸበል አልህ፣ አገሩም ጸበል አለ። ፋሲካን ሳትፈስክ በቃሬዛ ወሰዱህ። መድኃኒቱን ሁሉ፣ የልቡንም የጨጓራውንም፣ ወንዝ ጣልኸው።

ከዚያ መልእክት መጣ፦ «እግሬ ቆሟል። ስሙን መልሼለታለሁ። ከእንግዲህ ከዚህ አልወጣም፣ ኪኒንም በአፌ አይገባም።» እግርህ በመቆሙ እልል አልሁ። የቀረው ግን አልገባኝም ነበር፤ የገባኝ ያቺ ልጅ ስትደውል ነው።

ስልኩን እንደዘጋሁ ወፍጮውን አቁሜ ወደ ማርያማዊት ሮጥሁ። ደጅ ላይ ከልጅህ ከወንጌላዊት ጋር ባቄላ እየፈለፈሉ ነው። «ባልሽ ክሊኒክ የማንን ስም ነው የሰጠው?» ብላት አለቀሰች። ሁሉንም ነገረችኝ፤ ስልክ ሲሉህም የእኔን ቁጥር ሰጥተሃል። ስምህን ከእናታችን ስም ጋር ለማያውቁት ሰው መስጠት አስፈርቶሃል፤ ይህንስ እረዳዋለሁ፣ የአብነት ትምህርት ቤት ሰው ሁሉ በስም ምን ድግምት እንደሚሠራ ያውቃል። አንተ ግን ከዚህም አልፈህ አሰብህ። «ሞት በልብ በኩል ነው ወደ ቤታችን የሚገባው። ስሜን ይዞ ከመጣ ያገኘኛል። በደመላሽ ስም ከታከምሁ ግን ደመላሽን ወስዶታል፤ አንድን ሰው ሁለት ጊዜ አይወስድም» አልሃት። ከሞት ልትደበቅ ከሟች ጀርባ ቆምህ።

የጨጓራውን ስትታከም ግን በገዛ ስምህ ነው። በጨጓራ የሞተ የቤታችን ሰው የለምና ምን ትፈራለህ! «ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ሲሉህ «የለም» አልህ። ለማርያማዊት የነገርሃት ቃል አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ፦ «ዋሽቼ አይደለም። እኔ አልወስድም፤ የሚወስደው ደመላሽ ነው።» አፉ ያንተ፣ የሚውጠው እሱ።

በሳምንቱ ክሊኒኩ ሄድሁ። ዶክተር ሕሊና የምትባል ወጣት ሐኪም ናት። አልተቆጣችም፤ መጀመሪያ ግን ያስደነገጣት መሰለኝ፣ ብዕሯን አስቀመጠች። ሁሉንም ከነገርኋት በኋላ እኔም የማላውቀውን ነገረችኝ። እኔ እንደገባኝ እጽፍልሃለሁ፤ አንተ የመጻሕፍት ሰው ነህና የጎደለውን ሙላው።

እኔ ያልኋት «ዶክተር፣ እኛኮ ጾመኞች ነን፤ ከዓመቱ ከግማሽ በላይ ቅቤም ሥጋም በአፋችን አይዞርም፤ ይህ ስብ ከየት መጣ?» ነው። እሷም «ጉበት አይጾምም» አለችኝ። ኮሌስትሮል የሚባለው ከምግብ ብቻ አይደለም የሚመጣው። አብዛኛውን ጉበት ራሱ ይሠራዋል፣ ይልቁንም ሌሊት፣ እኛ ተኝተን። ቀፈፈኝ። አንተ በጾም ውለህ በጸሎት ታድራለህ፣ ከጎድንህ ሥር ያለው ግን እንደ እኔ ወፍጮ ቅባቱን ያመርታል። ለሰውነት ጥቂቱ ያስፈልጋል፤ ሲተርፍ ነው የልብን የደም ቧንቧ ግድግዳ እየለሰነ የሚያጠበው። አንድ ቀን ይዘጋዋል። ሰውየው ወይ አውድማ ላይ ነው፣ ወይ በቅሎ ላይ።

ሰው ሁሉ ጉበቱ ላይ የተረፈውን ስብ ከደም የሚለቅሙ እጆች አሉት አለችኝ። የእኛ ቤት ሰው በግማሽ እጅ ነው የሚወለደው። በዘር ነው የሚተላለፈው፣ ከወላጅ ወደ ልጅ። የዐይን ቆባችን ላይ የሚወጣው ቢጫም ያው ያልተለቀመው ነው። ስንት ጥቁር ዶሮ በራሳችን ላይ አዞረች፣ እማማ ነፍሷን ይማርና! ኪኒኑ ደግሞ እንዲህ ነው የሚሠራው፦ ጉበት ስቡን የሚያመርትበትን ሥራ ይይዝበታል። ጉበቱ ለራሱ ሲያጥረው ጊዜ ደንገጥ ይልና ተጨማሪ እጅ ያበቅላል፤ በዚያ ከደም ውስጥ መልቀም ይጀምራል። ደሙ እየጠራ ይሄዳል። ኪኒኑ ስቡን አያቀልጥም፤ ጉበትን ነው የሚያስርበው።

እግርህን ስጠይቃት ደግሞ አልደበቀችኝም። ይህ መድኃኒት አንዳንድ ሰው ላይ ጡንቻ ያሳምማል። ብዙው ሰው ምንም አይሆንም፤ የሚያመው ደግሞ መጠኑ ሲቀነስለት ወይም ዓይነቱ ሲለወጥለት ይሻለዋል። ጉበትን ያስቆጣ እንደሆነ በደም ምርመራ ይታያል፣ ስኳርንም በጥቂቱ ከፍ ሊያደርግ ይችላል። አንተ ላይ የደረሰው ግን ከስንት ሰው አንዱ ላይ የሚደርሰው ነው። የተሰጠህ ሲምቫስታቲን የሚባለው ነው። የጨጓራህ መድኃኒት ውስጥ ክላሪትሮማይሲን የሚባል አለ። ይኸኛው፣ ጉበት ያኛውን ከሰውነት የሚያስወጣበትን በር ይዘጋበታል። በየማታው የምትውጠው መውጫ አጥቶ በደምህ ውስጥ ተጠራቀመ፤ ከዚያ ጡንቻህን መብላት ያዘ። የፈረሰው ጡንቻ በደም አድርጎ ኩላሊት ላይ ይወርዳል፣ ሽንቱን የሚያጠቁረው እሱ ነው። አንዲት ቃል፣ «እወስዳለሁ» ብትል ኖሮ ሁለቱን አብረው አይሰጡህም ነበር።

ጸበሉን አንቋሸሸችው እንዳትል። «ኪኒኑን ማቆሙና በየቀኑ ያን ያህል ውሃ መጠጣቱ ኩላሊቱን ሳያተርፈው አልቀረም። ግን ይታይ። ኩላሊቱ ሳይታይ ድኗል አልልም» ነው ያለችው። አሁን ግን ልብህን የሚጠብቀው ነገር የለም። ከጡንቻህ ጋር የሚስማማ ሌላ ዓይነት አለ፣ በትንሽ መጠን ተጀምሮ ደምህ እየታየ። በራስህ ስም፣ የምትወስደውን ሁሉ ተናግረህ።

እኔም ደሜን ሰጠሁ። «በሴት አይመጣም» ሲሉን ኖሩ አይደል? በሴትም ይመጣል፤ ዘግይቶ ነው። አለብኝ። በየማታው እውጣለሁ፣ ሥራነሽ አካለ ወልድ ተብሎ በተጻፈበት። ባቴን ሸምቅቆ ሲይዘኝ ነገርኋት፣ መጠኑን ቀነሰችልኝ፣ ተወኝ። ማንም መጥቶ ጭኔ ላይ አልተቀመጠም።

ስለ ሕልሙም ጠይቄያታለሁ። «ጥቂት ሰዎች ሕልም በዛብን ይላሉ፤ የመድኃኒቱ ይሁን አይሁን ግን አልተረጋገጠም» አለችኝ። ይህን ተቀበልሁ። አንድ ነገር ብቻ አልጠየቅኋትም፣ አንተን እጠይቅሃለሁ። የታሰረበት ክር ቀይ ነበር ብለኸኛል። ደመላሽ ሲገነዝ አንተ ባሕር ዳር ነበርህ፤ የደረስህ ለቀብሩ ነው። ገናዦቹ ክር ሲያጡ ከነጠላዬ ጥለት መዝዤ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ቀዩን። ለማንም አልተናገርሁም፣ የገነዙት ሁለቱ ሽማግሌዎችም ዛሬ በሕይወት የሉም። ማን ነገረህ? ይህንን ሳስብ ወፍጮ ቤት ውስጥ ብቻዬን መሆን ትቻለሁ።

ግን ስማኝ። ክሩን ማንም ይንገርህ ማን፣ ያ ሊጎዳህ የመጣው ደመላሽ አይደለም። ደመላሽ የጨሞጋ ወንዝ ሲሞላ በጀርባው አዝሎ ያሻገረህ ሰው ነው። እግርህን ቢፈልግ ያን ጊዜ ውሃው ላይ ይተውህ ነበር። እውነት እሱ ከሆነም የመጣው ስሜን ተውልኝ፣ በስምህ ታከም ሊልህ ነው ብዬ አምናለሁ። እኔ ሁለት ወንድም ነበረኝ፤ አንዱን በቅሎ አመጣችልኝ። እወድሃለሁ ብዬህ አላውቅም፣ በቤታችን እንዲህ አይባልም። እወድሃለሁ። ሁለተኛውን ማንም እንዲያመጣልኝ አልፈልግም፤ ራሱ ይምጣ።

እዚህ ላይ ልጨርስ ነበር። ታዲዮስም መኪናውን አሙቆ ጥሩንባውን ይነፋል። ግን የመጣሁበትን ነገር ሳልነግርህ ብልከው ደብዳቤው ባዶ ነው።

ባለፈው ሰኞ ወንጌላዊትን ክሊኒኩ ወሰድኋት። ዶክተሯ «የወንድምዎ ልጅ የግድ ትታይ» ብላኝ ነው፤ የወላጁ ከሆነ ለልጅ የመድረሱ ነገር እኩል በእኩል ነው። ማርያማዊት ፈርታ ቀረች፣ ይዣት የሄድሁ እኔ ነኝ። ያችው በስልክ ያነጋገረችኝ ነርስ ናት የተቀበለችን። ልጅህ ወንበሩ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ እግሯ ገና መሬት አይነካም። አላለቀሰችም፣ መርፌውንም አልፈራችም።

ነርሷ ካርዱን አዘጋጅታ «ስምሽ ማነው፣ የኔ ቆንጆ?» አለቻት።

«የሺዋስ አካለ ወልድ» አለች ወንጌላዊት።

ነርሷ ሳቀች። «የሺዋስኮ የወንድ ስም ነው!»

ወንጌላዊት አልሳቀችም። እንደ ምንም ብዬ «ወንጌላዊት የሺዋስ ብለሽ ጻፊው» አልሁና ደሟን ቀዱ። ውጤቱ በማግሥቱ ወጣ። አለባት፣ የሺዋስ። እሷም በግማሽ እጅ ነው የተወለደችው። ዶክተሯ ለሐሙስ ሳምንት ቀጥራናለች፤ በዚህ ዕድሜ የሚጀመር አለ፣ በጊዜ ከተያዘ እንደ ማንኛውም ሰው አርጅታ ልትሞት ትችላለች አለችኝ። በቤታችን ያረጀ ሰው ምን እንደሚመስል አላውቅም፤ እሷን ማየት እፈልጋለሁ።

ያን ዕለት ከክሊኒኩ ስንወጣ ባጃጅ ውስጥ ጎኔ ተወሽቃ ነበር። መቻል አቅቶኝ «ለምንድነው የአባትሽን ስም የሰጠሽ?» አልኋት። ያን ቀን ከማርያማዊት ጋር ባቄላ ሲፈለፍሉ ሁሉን ሰምታለች ለካ።

«እዚያ የሚሰጠው የሞተ ሰው ስም ነዋ» አለችኝ።

«አባትሽኮ አልሞተም፣ የኔ ልጅ።»

ቀና ብላ አየችኝና፣ ለቅሶ ቤት ትልልቆቹ ሴቶች እንደሚያደርጉት፣ እጄን ይዛ መታ መታ አደረገችኝ።

ሐሙስ ጠዋት ክሊኒኩ ደጃፍ ላይ እንቆያለን። በእግርህ እየሄድህ ና፤ ልጅህ ትይህ።

እኅትህ ሥራነሽ አካለ ወልድ
ከሮብ ገበያ